ያለ እሳት የሚፈላው ጋን

በቋንቋችን «ፈላ» የምንለው ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ችሎ የሚኖር ነው። በድስት የተጣደ ውሃ እሳቱ ሲበረታበት ፈላ ይባላል። በጋን የተጠነሰሰ ጠላ ማንም እሳት ሳያነድበት ሲያጉረመርምና አረፋ ሲያወጣ ፈላ ይባላል። ጉንዳን ከጉድጓዱ፥ አንበጣ ከበረሓው ወጥቶ ምድርን ሲሞላ እንደዚሁ ፈላ ይባላል። ብዙ ዘመን ይህን ስንሰማ የቃል እጥረት ይመስለን ነበር። ዛሬ ግን እንዲህ አንልም። ቃሉን ለሦስቱም አንድ ያደረጉት አባቶችና እናቶች፥ ምክንያቱን ባይጽፉትም፥ አንድ ነገር አይተው ኖሯል ብለን እናምናለን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ያንን ነገር መፈለግ ነው፤ ከፍለጋውም ጋር አንድ ሳንከፍለው የቆየነውን የመምህርነት ዕዳ መናዘዝ ነው።

ያደግነው በምሥራቅ ጎጃም፥ በደባይ ጥላት ግን ወረዳ፥ በቁይ ነው። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ሌሊቱን ሲያከብደው ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ በጊዜ ይተኛል። ለበዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው እናታችን ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ ጌሾውንና ብቅሉን ጠንስሳ፥ እንኩሮውን ጨምራ፥ አፉን ከድና በቤቱ ማዕዘን ታቆመዋለች። እኛም ሁሉ ሲተኛ በቀስታ እየተነሣን ጆሮአችንን ከጋኑ ሆድ ላይ እናስጠጋ ነበር። ከውስጡ እንደ ሩቅ ገበያ ያለ ድምፅ ይሰማል። ጋኑን ስንዳብሰው ለብ ብሎ እናገኘዋለን። አንድ ሌሊት እናታችን ነቅታ አገኘችን።

«ምን ትሠራለህ፥ ልጄ?» አለችን።

«ፈላ ብለሽ ነበር። እሳቱ የት አለ?» አልናት።

ጥቂት ዝም ብላ አሰበችና፥ «እሳቱማ በውስጡ ነው» ብላ እጃችንን ይዛ ወደ መኝታችን መለሰችን።

ይህን መልስ ብዙ ዓመት ቆይተን፥ በሌላ ቃል ተጽፎ፥ በፊዚክስ መጻሕፍት ውስጥ አገኘነው። ነገሩን በተራው እናስረዳለን፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የውሃውን መፍላት እንመልከት። በ1900 አንሪ ቤናር የሚባል ፈረንሳዊ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ አዘጋጅቶ ከታች በእኩልነት አሞቀው። ሙቀቱ ጥቂት ሲሆን የሚታይ ነገር የለም፤ ከታች ወደ ላይ በዝምታ ያልፋል። ሙቀቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ፈሳሹ በድንገት ራሱን በብዙ ትናንሽ ክፍሎች ይከፍላል። በየክፍሉ መካከል ትኩሱ ይወጣል፥ በየዳሩ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ከላይ ሲያዩትም ስድስት ማዕዘን ያላቸው ክፍሎች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህን ክፍሎች የለካቸው የለም፤ ንድፍ ያወጣላቸውም የለም። ከፈሳሹ ቅንጣቶች አንዲቱ እንኳ የስድስት ማዕዘንን ቅርጽ አታውቅም። እያንዳንዷ የሚደርሳት የጎረቤቷ ግፊትና የአካባቢዋ ሙቀት ብቻ ነው። እሳቱ ሲወገድ ሥርዓቱ አብሮ ይፈርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፥ «የተፈጥሮ ሕግ ሁሉን ወደ መበታተን የሚወስድ አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። ትኩስ ቡና ይቀዘቅዛል እንጂ የቀዘቀዘ ቡና ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ ራሱን አያሞቅም። ሽቶም ከብልቃጡ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ይህ ሕግ አልተሻረም። ነገር ግን ሕጉ እንዲህ ጠበቅ ብሎ የሚናገረው ዙሪያው ስለ ተዘጋ፥ ከውጭ ምንም ስለማይገባበትና ከውስጥም ምንም ስለማይወጣበት ነገር ነው። ኀይል በአንድ ወገን እየገባ በሌላ ወገን የሚወጣበት ነገር ግን፥ ለውጭው ዓለም ብዙ መበታተንን እየሰጠ፥ በውስጡ ጥቂት ሥርዓት ሊያቆም ይችላል። በሞስኮ ተወልዶ በቤልጅግ አገር የኖረው ኢልያ ፕሪጎዢን ይህን በሒሳብ ስለ መረመረና ስላስረዳ በ1977 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከሥራው የምንይዘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሥርዓት ያለ አዛዥ ሊመጣ ይችላል፥ ያለ ወጪ ግን አይመጣም።

አሁን ወደ ጋኑ እንመለስ። ሉዊ ፓስተር ከ1857 ጀምሮ ባደረጋቸው ምርምሮች የጠላና የወይን መፍላት የሕያዋን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ፥ ከዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ብዙዎቹ ነገሩን እንደ ተራ ብስባሴ ይቆጥሩት ነበር። በጠላ ውስጥ ዋናው ሠራተኛ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው እርሾ የሚባል ፍጥረት ነው። ሕዋስ ማለት ሴል የሚባለው፥ የሕያው ነገር ሁሉ መሠረት የሆነው ትንሹ ክፍል ነው። የእርሾ ሕዋስ ከትንሽነቱ የተነሣ 200 ያህሉ ጐን ለጐን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። በአገራችንም ይህን ዓለም የመረመሩ ሊቃውንት አልጠፉም፤ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ1994 ባሳተሙት ጥናት በእንጀራችን እርሾ ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ሕያዋን በየዓይነታቸው ለይተው አሳይተዋል። የጠላው እርሾ ከብቅሉ የሚያገኘውን ስኳር ሲሰብር አልኮልና ጋዝ ይወጣል፥ ሙቀትም ይወጣል። በልጅነታችን በጋኑ ሆድ ውስጥ የሰማነው ድምፅ የጋዙ ነበር። ጋኑንም ለብ ብሎ ያገኘነው በሙቀቱ ምክንያት ነበር።

ነገር ግን ከስኳሩ መሰበር የሚገኘው ኀይል ሁሉ በሙቀት መልክ አይጠፋም። ሕዋሱ ከፊሉን ኤ.ቲ.ፒ. በምትባል ሞለኪውል ያስቀምጠዋል። ይህች ሞለኪውል በሕዋሱ ገበያ የምትዘዋወር ገንዘብ ናት ብንል ከእውነቱ አንርቅም። አንድ ሙሉ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ የገዛ ክብደቱን የሚያህል ኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል፥ ያንኑም መልሶ ያፈርሳል፤ በአንድ ቅጽበት በሰውነቱ የሚገኘው ግን ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። ከዚህ ገንዘብ ተቀባዮች አንዱ ኪኔሲን የሚባለው ፕሮቲን ነው። በሕዋሱ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ሸክሙን ይዞ ይራመዳል። ርምጃው የአንድ ሚሊሜትር 125,000ኛ እጅ ነው፤ ለእያንዳንዱም ርምጃ አንዲት ኤ.ቲ.ፒ. ይከፍላል።

በውሃውና በጋኑ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ውሃውን የሚያፈላው እሳት ከውጭ፥ ከድስቱ ሥር ነው። በሕዋሱ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ በየርምጃው የየራሱን ስንቅ እያነደደ ይሄዳል። የፊዚክስ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን፥ ቅንጣቶቹ እያንዳንዳቸው ኀይል እየበሉ የሚንቀሳቀሱበትን ነገር፥ ንቁ ቁስ ይሉታል። ስለ ንቁ ቁስ ዛሬ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። «እሳቱማ በውስጡ ነው» ያለችን እናታችን ፊደል አልቈጠረችም ነበር፤ ሆኖም ከዚህ የተሻለ መግቢያ ለመጻሕፍቱ አልተጻፈላቸውም።

እንግዲህ ዕዳችንን እንናገር። ካደግን በኋላ መምህር ሆነን በዚያው አገር ስናስተምር፥ ስለ ሕዋስ የምንሰጠው ትምህርት በአንድ ምሳሌ ላይ የታነጸ ነበር። ሕዋሱ እንደ አንድ መንግሥት ነው፤ በመካከሉ የሚቀመጠው ኒውክሊየስ ንጉሡ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ትእዛዙን የሚፈጽሙ አሽከሮች ናቸው እንል ነበር። ምሳሌው ለማስታወስ ይመቻል፥ ለፈተናም ይመቻል። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ደም ስናስተምር፥ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲበስል ኒውክሊየሱን አውጥቶ እንደሚጥል፥ ከዚያም በኋላ 120 ቀን ያህል እንደሚኖር ተናገርን። ሁለቱን ትምህርቶች አጋጥመን አይተናቸው አናውቅም ነበር። በኋለኛው ረድፍ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ግን አጋጠማቸው። ተነሥቶም፥ «መምህር፥ ንጉሡ ከወጣ በኋላ 120 ቀን ሙሉ ማን ያዘዋል?» አለን።

ክፍሉ ሣቀ። እኛ መልሱን አናውቀውም ነበር፤ አለማወቃችንን ለመግለጥ ግን አልደፈርንም። ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቈጥረን፥ ትምህርት ለማሰናከል የተነሣ ነው ብለን ተቈጣነው፤ የቀረውንም ሰዓት በክፍሉ ማዕዘን ቆሞ እንዲያሳልፍ አደረግነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ጥያቄ አልጠየቀንም። ሌሎቹም ተዉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ያንን ጸጥታ ሥርዓት ነው ብለን ተደሰትንበት።

ልጁ ዝም ቢልም ጥያቄው እኛን አልተወንም። ዓመታት አልፈው ነገሩን በመጻሕፍት መከታተል ስንጀምር፥ ያ ጥያቄ የዘመኑ ታላላቅ ተመራማሪዎች የሚደክሙበት ጥያቄ ኖሯል። በመጀመሪያ የተረዳነው ኒውክሊየሱ ንጉሥ ሳይሆን መዝገብ ቤት መሆኑን ነው። የየፕሮቲኑ አሠራር በዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ያለዚያ መዝገብ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይቻልም። ነገር ግን የተሠራው ፕሮቲን በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ ቁም፥ ከእገሌ ጋር ተሰለፍ የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ከመዝገብ ቤቱ አይጻፍለትም። ብዙውን ጊዜ ቦታውን የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ ጋር በሚያደርገው መገፋፋትና መሳሳብ ነው።

ለዚህ ምስክሩ ከጠላችን እርሾ ወገን የሆነው የዳቦና የቢራ እርሾ ነው። እርሾ የሚበዛው ከጐኑ እንቡጥ አውጥቶ ስለሆነ፥ ከክብ ገጹ ሁሉ አንድ ቦታ መምረጥ ይኖርበታል። ዘወትር የቀድሞው እንቡጥ ጠባሳ ምልክት ይሆንለታል። ምልክቱን ቢያጠፉበትም ግን እርሾው መምረጡን አይተውም፤ ዕጣው በየትም ቢወድቅ የሚመርጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። በ2003 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ለመግለጥ ሞከረ። ሲዲሲ 42 የተባለው ፕሮቲን በአጋጣሚ በአንድ ስፍራ ጥቂት በርከት ሲል ሌሎቹን ወደዚያው ይስባል፤ የመጡትም ደግሞ ሌሎችን ይስባሉ። የፕሮቲኑ ብዛት የተወሰነ ነውና አንዱ ስፍራ ሲሞላ ሌላው ይራቈታል፤ በመጨረሻ አንድ ብቻ ይቀራል። በአዲስ ሜዳ ላይ ገበያ ሲተከል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ በግ ሻጭ ከቆመበት ሁለተኛው ይቆማል፤ ገዢውም ወደዚያው ያመራል፤ ገዢ ስላለ ሦስተኛው ሻጭ ይመጣል። እኩለ ቀን ሲሆን ማንም ችካል ሳይተክል የበግ ተራው የት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

እንዲህ ያለው ነገር ሊሆን እንደሚችል እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በ1952 በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ሁለት ኬሚካሎች እርስ በርሳቸው እየተነካኩ በተለያየ ፍጥነት ቢሰራጩ፥ ወጥ ከነበረው ነገር ነጠብጣብና ዝንጉርጉር ሊወጣ ይችላል ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ደግሞ ሕዋሱን ፈታትተው ጥቂት ክፍሎቹን ብቻ በብርጭቆ ላይ ማገናኘት ጀመሩ። በ1997 እርስ በርሳቸው የተያያዙ ኪኔሲኖችን ከዘንጎቹና ከኤ.ቲ.ፒ. ጋር ቢያኖሩአቸው፥ ዘንጎቹ አንድ ጊዜ እንደ ኮከብ ጨረር፥ አንድ ጊዜ እንደ አዙሪት ተደረደሩ። በ2008 ደግሞ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ መካከሉን አግኝቶ ለሁለት እንዲከፈል የሚረዱትን ሁለት ፕሮቲኖች ለብቻቸው አውጥተው፥ ከስስ ገለፈትና ከኤ.ቲ.ፒ. ጋር አገናኙአቸው፤ ፕሮቲኖቹም በገለፈቱ ላይ እንደ ማዕበል እየተከታተሉ ይሄዱ ጀመር። በሁለቱም ሙከራ ኒውክሊየስ የለም፥ ሕዋስም የለም። ያለው ጎረቤትና ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ሁሉ ይቆማል።

ወደ ቀይ የደም ሕዋሱ እንመለስ። ይህ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ገለፈቱ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣል። ይህም ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። መንቀጥቀጡ የሙቀት ብቻ ነው ወይስ ሕይወትም ድርሻ አላት እየተባለ ብዙ ዘመን ክርክር ነበረበት። በ2016 የታተመ ጥናት መንቀጥቀጡን ለክቶ ከሙቀት ብቻ ከሚጠበቀው በላይ መሆኑን፥ ተጨማሪውም ሕዋሱ ከሚያወጣው ኀይል የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ያ ኀይል የሚገኘው ስኳርን ከመስበር ነው። ስኳሩ የሚሰበርበት መንገድም እርሾው በጋኑ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ የሚለያዩት በመጨረሻው ርምጃ ነው፥ እርሾው አልኮል ሲያወጣ የደም ሕዋሱ ላክቲክ አሲድ ያወጣል። እንግዲህ ያን ቀን ለልጁ ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ ይህ ነው፤ «ማንም ቆሞ አያዘውም። መዝገብ ቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚያስፈልገው ተሠርቶለታል። ከዚያ በኋላ በእናትህ ጋን ውስጥ ያለውን ዓይነት እሳት በውስጡ ይዞ ራሱን ያቆማል። ያረጀውን መተካት ስለማይችል ግን ዘመኑ አጭር ነው።» ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኛ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብን።

የቀረን ሦስተኛው መፍላት ነው። ንቁ ቁስ በሕዋስ ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ የየራሱን ስንቅ እየበላ የሚንቀሳቀስ መንጋ ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል። በ1995 ሀንጋራዊው ታማሽ ቪቼክ ከባልደረቦቹ ጋር እጅግ ቀላል ሕግ አቀረበ። እያንዳንዱ ተጓዥ የጎረቤቶቹን አማካይ አቅጣጫ ይከተላል፥ ጥቂትም ይሳሳታል። ተጓዦቹ ጥቂት ሲሆኑ ሁሉም በየፊናው ይባዝናል፤ ከአንድ ወሰን ሲበዙ ግን መሪ ሳይኖራቸው በአንድ አቅጣጫ ይተማሉ። በ2006 ሌሎች ተመራማሪዎች ክንፍ ያላወጡ የበረሓ አንበጣዎችን በክብ መድረክ ላይ ለቀው ይህንኑ በዓይናቸው አዩት። በ2008 ደግሞ የሰልፉ ምሥጢር በከፊል ተገለጠ፤ አንበጣው ወደ ፊት የሚገፋበት አንዱ ምክንያት ከኋላው ያለው ወንድሙ ነክሶ እንዳይበላው ነው።

የዚህ ሰልፍ ዋጋ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1958 አንበጣ በኢትዮጵያ 167,000 ቶን እህል አጠፋ፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሰው የዓመት ቀለብ የሚበቃ ነበር። ከ2019 እስከ 2021 በመጣውም ወረራ በወሎና በራያ ብዙ ገበሬ የደረሰ አዝመራው በዓይኑ ፊት ሲበላ አየ። በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሓ አንበጣ መከላከያ ድርጅትና የየአገሩ ግብርና ሠራተኞች አንበጣውን ክንፍ ሳያወጣ፥ ገና በመሬት ሳለ ለማግኘት የሚደክሙበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል። ብዛቱ ወሰኑን ካለፈ በኋላ መንጋው ራሱን ቢመቱት የሚበተን አለቃ የለውምና።

ስለዚህ ራሱን በራሱ የሚሠራ ሥርዓት ሁሉ መልካም ነው የሚል ሰው ቢኖር የአንበጣውን ሰልፍ ያስብ። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ሥራ ያለ ኀላፊ ይሂድ የሚልም ቢኖር፥ ጋኑን ያጠበና ያጠነ እጅ እንደ ነበረ አይርሳ። እናታችን ለእርሾው አንድም ትእዛዝ አልሰጠችውም። ነገር ግን ጋኑ ባይጸዳ፥ ጌሾው ከልኩ ቢያንስ፥ ክዳኑ ቢከፈት ጠላው ይበላሽ ነበር። የመምህርም የሹምም ሥራ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል። እሳቱ የሠራተኛው የራሱ ነው፤ ጋኑን ማዘጋጀትና መጠበቅ ግን የእኛ ነው።

ደግሞም ሰው ሕዋስ አይደለም፥ አንበጣም አይደለም። አንበጣ ጎረቤቱን አይቶ ይዞራል። ሰው ግን «ለምን ዞርህ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ በክፍላችን ያስከበርነውን ጸጥታ ዛሬ ስናስታውሰው የአንበጣው ሰልፍ ትዝ ይለናል፤ እያንዳንዱ ልጅ ከኋላ እንዳይነከስ ወደ ፊት ብቻ ይመለከት ነበር።

ባለፈው በጋ ወደ ቁይ በሄድን ጊዜ ያን ተማሪ ፈልገን አገኘነው። ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ በወፍጮ ቤት ይሠራል። ቅንድቡና ጢሙ በዱቄት ነጥቶ ሳለ እኛን ሲያይ ወዲያው ዐወቀን። ባዶ ጆንያ አጥፎ በድንጋይ ላይ አነጠፈልንና፥ «ይቀመጡ፥ መምህር» አለን። የመጣንበትን ነገርነው፤ ጥያቄውንም ደገምንለት። ራሱን ነቀነቀ።

«ጥያቄውን አላስታውሰውም» አለ። «የቆምሁበትን ማዕዘን ግን አስታውሳለሁ።»

ከዚህ በኋላ መልሱን መናገር ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ስለ መዝገብ ቤቱ፥ ስለ ስኳሩ፥ ስለሚንቀጠቀጠው ገለፈት አንድ በአንድ አስረዳነው። የወፍጮው ጩኸት እየከለለን ግማሹን በጆሮው ተጠግተን ነገርነው። በመካከል መብራት ጠፋ፤ ቀበቶው ዝግ እያለ ሄዶ ቆመ፥ ቤቱም ጸጥ አለ። እርሱ የቆመውን ወፍጮ ጥቂት ተመለከተና እንዲህ አለን።

«መምህር፥ ይህ አሁን ቆሟል። መብራቱ ሲመጣ ይነሣል። ታዲያ የሞተ ሕዋስ መልሰው ስኳር ቢሰጡት የማይነሣው ለምንድን ነው?»

«የወፍጮህ ብረት መብራት ቢኖርም ባይኖርም ብረት ነው» አልነው። «ሕዋሱን ግን ሁልጊዜ እየጠገነ የሚያቆመው ያው በውስጡ የሚያልፈው ኀይል ነው። ኀይሉ ሲቋረጥ የሚቆመው ሥራው ብቻ አይደለም፤ ወፍጮው ራሱ ይፈርሳል።»

ይህን አሰበበት። ከዚያ በግድግዳው ሥር ወደ ተደረደሩት ጆንያዎች ዞረና፥ «የጎተራው ጤፍስ?» አለ። «ደርቆ፥ ምንም ሳያገኝ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። እርሱ ሳይፈርስ ምን ይዞት ቆየ?»

የምናውቀውን ያህል ነገርነው። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት፥ እርሾ ሲራብ እንደ ፈሳሽ የነበረው ውስጡ ጠንከር ብሎ ወደ ጠጣርነት እንደሚቀርብ፥ ምግብ ሲያገኝም ተመልሶ እንደሚላላ አሳይቷል። የደረቀውም ዘር ውስጡ እንደ መስተዋት ጠንክሮ ሁሉ በየቦታው እንደ ተያዘ ይቆያል። ይህን ሰምቶ፥ «እንግዲያው እንቅልፉ የት ላይ አልቆ ነው ሞቱ የሚጀምረው?» አለን።

«አናውቀውም» አልነው።

ይህችን ቃል ለተማሪ ስንናገር የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር። የፈራነውን ያህል አልከበደችም። እርሱም አልሣቀብንም። መብራቱ መጣና ወፍጮው እንደ ገና ተነሣ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶችም እህላቸውን ይዘው ተጠጉ። ጆንያውን በትከሻው አንሥቶ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት በጩኸቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥

«እስቲ ያስቡበት፥ መምህር፤ እኔም አስብበታለሁ» አለን።